ብቻዬን ስሆን ምቱን እይዛለሁ፤ ከአጣማጄ ጋር ሲሆን ይጠፋኛል

ጥያቄ፦ «ፊዚካል ቲያትር፣ ማለትም በዋናነት በሰውነት እንቅስቃሴ የሚቀርብ ቲያትር፣ መማር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብቻዬን ስለማመድ ምት አያስቸግረኝም፤ ሜትሮኖሙ (ምት በእኩል የሚቆጥረው መሣሪያ) ቢጠፋም ሳልዛነፍ እቀጥላለሁ። ከአጣማጄ ጋር ሲሆን ግን ወይ እቀድማታለሁ ወይ ወደኋላ እቀራለሁ። በሆዴ እቆጥራለሁ፣ ዓይኔንም ከእሷ ላይ አልነቅልም፤ ሆኖም አልተሳካልኝም። መምህራችን ‹አድምጪያት› ይሉኛል፤ በምን እንደማዳምጣት ግን አልገባኝም። ክብደት በምንሰጣጥበት ልምምድ ደግሞ ሰውነቴ ድርቅ ይላል፤ ከእሷ ስለምከብድ እንዳልጥላት እፈራለሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ያለሙዚቃ የአምስት ደቂቃ የጥንድ ሥራ እናቀርባለን። እንዴት ብንለማመድ ይበጀናል?»

ምላሽ፦

ችግርሽን ራስሽ በደንብ አስቀምጠሽዋል፤ በሆድሽ ትቆጥሪያለሽ፣ በዓይንሽ ትከተያታለሽ። ሁለቱም ከትጋት የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ከአጣማጅሽ ያርቁሻል። ስትቆጥሪ ቀልብሽ ከራስሽ ጋር ይቀራል፤ ዓይንሽ ደግሞ የሚነግርሽ ከተጀመረ በኋላ ነው። የምት ችሎታሽ ጤነኛ ነው። የቀረሽ አጣማጅሽ ከመንቀሳቀሷ በፊት የምታደርገውን ማንበብ ነው፤ ይህ ደግሞ ተሰጥኦ አይጠይቅም፣ ይለመዳል።

ዓይን ለምን እንደማይበቃ በቁጥር ላሳይሽ። ሰው አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቶ የራሱን ምላሽ እስኪጀምር ሩብ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። በደቂቃ 60 ምት በሚሄድ እንቅስቃሴ ይህ የአንድ ምት ሩብ ነው፤ በ120 ከሆነ ደግሞ የምቱን ግማሽ ይበላል። ስለዚህ እጇ ሲነሳ አይተሽ እጅሽን የምታነሺ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ንቁ ብትሆኚ ዘግይተሻል። መዘግየትሽ ሲታወቅሽ ለመድረስ ትፈጥኛለሽ፤ ያ ፍጥነት ሳይበርድልሽ ቀጣዩ ምት ላይ ትቀድሚያታለሽ። መቅደምና መዘግየት ብለሽ ለሁለት የከፈልሽው አንድ ችግር ነው።

ከሜትሮኖም ጋር ይህ የማይደርስብሽ ሜትሮኖሙን ስለማትከተይው ነው። ሰዎች ከሜትሮኖም ድምፅ ጋር በጣታቸው እንዲመቱ ተደርጎ ሲለካ፣ አብዛኞቹ ድምፁ ከመሰማቱ በጥቂት መቶኛ ሰከንዶች ቀድመው ይመታሉ፤ ለራሳቸው ግን እኩል የመቱ ይመስላቸዋል። አእምሮ የሚመጣውን ምት አስቀድሞ ይገምታል፣ ጡንቻም በግምቱ ይነሳል። አጣማጅሽ እንደ ሜትሮኖም እኩል እየለካች አትሄድም፤ በዚህ በኩል ትከብድሻለች። ነገር ግን ሜትሮኖም ፈጽሞ የማይሰጥሽን ነገር ትሰጥሻለች፤ መሰናዶዋ ይታያል፣ ይሰማል። ቀኝ እግሯን ከማንሳቷ በፊት ክብደቷ ወደ ግራ እግሯ ያልፋል። ከመዝለሏ በፊት ጉልበቷ ይታጠፋል። ክንዷን ከማንሳቷ በፊት የእግሯና የወገቧ ጡንቻዎች ሚዛኗን ለመጠበቅ ቀድመው ይሠራሉ፤ ብዙ ጊዜ ትንፋሿም ቀድሞ ይገባል። መምህርሽ አድምጪያት ሲሉሽ ይህን መሰናዶ ፈልጊ ማለታቸው ይመስለኛል።

በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቆ የሠራው ሩሲያዊው የቲያትር አዘጋጅ ቭሴቮሎድ ሜየርሆልድ (1874–1940) ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ባዮሜካኒክስ ብሎ ባቀረበው የተዋናይ ሥልጠና እያንዳንዱ ድርጊት ሦስት ክፍል አለው፤ ኦትካዝ፣ ፖሲል፣ ቶችካ። ኦትካዝ ከዋናው አቅጣጫ ተቃራኒ የሚደረግ አጭር መሰናዶ ነው፤ ወደፊት ለመወርወር ወደኋላ መሳብ፣ ለመዝለል ዝቅ ማለት። ፖሲል ድርጊቱ ራሱ ነው፤ ቶችካ ድርጊቱ ተቋጭቶ የሚያርፍበት ነጥብ። ብዙ ሰው ይህን የሚማረው ለተመልካች ግልጽ ለመሆን ነው። ለጥንድ ሥራ ግን ከሦስቱ ኦትካዝን አስበልጣለሁ፤ አጣማጅን ቀድሞ የሚያናግረው እሱ ነው። ያለ ኦትካዝ የሚነሳ ተዋናይ አጣማጁን በየእንቅስቃሴው ያስደነግጣል።

ስለዚህ አንድ ነገር በራስሽ ላይ መርምሪ። አንቺ መሰናዶዋን ካላነበብሽ፣ እሷስ የአንቺን ታነባለች? ሰውነትሽ ክብደት ስትሰጪ እንደሚደርቅ ጽፈሻል። የደረቀ ሰውነት መሰናዶውን ይደብቃል። ጉልበት ሲቆለፍ ክብደት ከእግር ወደ እግር ሲተላለፍ አይታይም፤ ትንፋሽ ሲታፈን ደረት አይናገርም። ሁለት ጥያቄ የመሰለሽ የምቱና የክብደቱ ነገር እዚህ ላይ ይገናኛል። ክብደትሽን መስጠት ስትለምጂ የምቱም ችግር ግማሽ በግማሽ ይቃለላል።

ለዚህ ነው ልምምዱን ከዓይን አትጀምሩ የምለው። ከንክኪ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ድምፅ እለፉ፣ ዓይን መጨረሻ ይምጣ። ንክኪ ላይ መሰናዶው ያለምንም ትርጓሜ በቀጥታ ይደርስሻል፤ ክብደቷ ሲሸሽ ቆዳሽ ያውቃል። ከመጀመራችሁ በፊት የት መነካት እንደሚመቻችሁና እንደማይመቻችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። በየቀኑም ጠይቂያት፤ ትናንት ደህና የነበረ ትከሻ ዛሬ ሊያም ይችላል። አንዳችሁ «በቃ» ካለች ሁለታችሁም ወዲያውኑ ክብደታችሁን ወደየራሳችሁ እግር መልሱ፤ ምክንያት አይጠየቅም። ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብል ይውለቅ።

ጀርባ ለጀርባ ቁሙ፤ እግራችሁ በዳሌያችሁ ስፋት፣ ጉልበታችሁ ሳይቆለፍ። ለጥቂት ደቂቃ ምንም አታድርጉ። የጎን አጥንቶቿ ሲሰፉና ሲጠቡ ይሰማሻል። ትንፋሻችሁን ለማመሳሰል አትጣጣሩ፤ በግድ የተመሳሰለ ትንፋሽ ደረት ያጠብቃል፣ የምትፈልጉትም ያ አይደለም። አሜሪካዊው ዳንሰኛ ስቲቭ ፓክስተን፣ በ1972 ኮንታክት ኢምፕሮቪዜሽን የተባለውን የጥንድ እንቅስቃሴ የጀመረው፣ «ትንሿ ዳንስ» የሚላት ልምምድ ነበረችው፤ ዝም ብሎ ቆሞ ሰውነት እንዳይወድቅ በራሱ የሚያደርጋቸውን ጥቃቅን ማስተካከያዎች መከታተል። እናንተ ያንኑ አንዳችሁ በሌላችሁ ጀርባ ላይ ትከታተላላችሁ። ሲረጋ አንዷ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ለመሄድ ትዘጋጅ። ገና እግሯ ሳይነሳ ክብደቷ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላዋ እሱን ተቀብላ አብራ ትሄዳለች። መጀመሪያ የምትመራዋ ትታወቅ፤ በኋላ ሳትነጋገሩ ሞክሩት። ማን እንደጀመረች ለሁለታችሁም ግልጽ የማይሆንበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ አትደነቁ፣ አትሳቁበትም፤ ቀጥሉ። እዚያ ውስጥ የምታሳልፉት ጊዜ ነው የሚያሠለጥናችሁ።

ቀጥሎ ዱላ። አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀላል ዘንግ በአንዳችሁ አመልካች ጣት ጫፍና በሌላዋ ጣት ጫፍ መካከል ይዛችሁ፣ ሳትጨብጡት፣ በክፍሉ ውስጥ ተንቀሳቀሱ። ዘንጉን የሚያቆየው የሁለታችሁ ግፊት እኩል መሆኑ ብቻ ነው። ጀማሪዎች ሁለት ነገር ያበላሻሉ። አንደኛ፣ እንዳይወድቅ ፈርተው ይገፋሉ፤ ግፊቱ ሲበዛ ጣት መስማት ያቆማል። አንዷ በትንሹ ብትሸሽ የሚወድቅበት ያህል ቀላል ይሁን። ሁለተኛ፣ ዘንጉን ያያሉ። ዓይናችሁ በአጣማጅ ደረት አካባቢ ሰፋ ብሎ ይረፍ፤ ወደ አንድ ነጥብ አታፍጥጡ። በዝግታ ከተቆጣጠራችሁት በኋላ ወደ መሬት ውረዱ፣ ተነሡ፣ ዙሩ፣ በ60 ምት ተራመዱ። ከዚያ ዘንጉን አስቀምጣችሁ እንዳለ አድርጋችሁ ቀጥሉ፤ ርቀቱም ግፊቱም ሳይለወጥ። ለእኔ ከጥንድ ልምምዶች ሁሉ በጥቂት ጊዜ ብዙ የሚያስተምር ይህ ነው። ለሥራችሁ ከተሰጣችሁ ስድስት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ብትሠሩት አይበዛም።

ድምፅ ላይ ስትደርሱ ጎን ለጎን ቁሙና ሁለታችሁም ወደፊት እያያችሁ፣ ያለ ምልክት፣ እኩል መራመድ ጀምሩ። መነሻው ትንፋሽ ነው፤ የሚሰማ መሆን አለበት፣ የተጋነነ ግን አይሁን። እግራችሁ ሲያርፍ አንድ ድምፅ ከተሰማ ይዛችኋል፤ ሁለት ከተሰማ አልያዛችሁም። ከማንም በላይ ሐቀኛ ፈራጅ የወለሉ ድምፅ ነው፤ ባዶ እግር ወይም ቀጭን ጫማ፣ የሚቻል ከሆነም የእንጨት ወለል ላይ ሥሩት። ቀስ በቀስ ተራራቁ፤ በክንድ ርቀት፣ በሁለት ሜትር፣ በክፍሉ ሁለት ጥግ፣ መጨረሻ ላይ ጀርባ ተሰጣጥታችሁ።

የመስታወቱን ልምምድ እንደምታውቂው እገምታለሁ። አሜሪካዊቷ የቲያትር መምህርት ቫዮላ ስፖሊን (1906–1994) ካስፋፋቻቸው፣ ያለ ጽሑፍ በቅጽበት እየተፈጠሩ ከሚሠሩ የቲያትር ጨዋታዎች አንዱ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ ያንጸባርቃል፤ በኋላ መሪ ይቀርና ተከታይ ተከታይን ይከተላል። ብዙ ክፍሎች ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ቀን፣ በፍጥነት፣ በእጅ ብቻ ሲሠራ አያለሁ፤ እንዲህ ሲሠራ አሁን ያለብሽን የዓይን ማሳደድ ያጠናክራል እንጂ አያርመውም። ለጊዜው ተዪው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለሺበት ከእጅ ሳይሆን ከዳሌና ከደረት ጀምሩ፤ ፍጥነቱም የምትመራዋ አጣማጇን ልታታልልበት የማትችልበት ይሁን። የመሪዋ ሥራ መነበብ ነው።

አሁን ወደ ምቱ ራሱ ልምጣ። ስዊዘርላንዳዊው የሙዚቃ መምህር ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ (1865–1950) በጄኔቭ ኮንሰርቫቶሪ ሲያስተምር፣ መሣሪያ ላይ በትክክል የሚጫወቱ ተማሪዎች ያንኑ ምት በሰውነታቸው እንደማይይዙት አይቶ በእግራቸው እያስኬደ ማስተማር ጀመረ። ሐሳቡ ዛሬም ይሠራል፤ ምትን በሆድ ከመቁጠር ወደ እግር አውርጂው። ሁለታችሁም በ60 ምት ተራመዱ። አንዷ እግሯ ላይ ምቱን ትጠብቅ፤ ሌላዋ በዚያው ምት ላይ እጅና ደረት ተጠቅማ የፈለገችውን ሐረግ፣ ማለትም አጭር የእንቅስቃሴ ቅንብር፣ ትሥራ፤ በግማሽ ፍጥነት፣ በእጥፍ፣ ከምቱ ቀጥሎ። በየስምንት ምት ተቀያየሩ። ቅይይሩ ላይ ምቱ እንዳይቋረጥ የምትጠብቀዋ ተጨማሪ አንድ ምት ትያዝ። ከዚያ ሜትሮኖሙን ለስምንት ምት ዝጉትና መልሳችሁ ክፈቱት፤ ከድምፁ ጋር ተገናኝታችሁ እንደሆነ ታያላችሁ። ሲቀላችሁ ዝምታውን ወደ 16 አሳድጉት። በመጨረሻ ፍጥነቱን ወደ 40 አውርዱት። በምትና ምት መካከል አንድ ሰከንድ ተኩል ሲኖር ግምት ይላላል፤ ቀስ ብሎ መሄድ ከመፍጠን የሚከብደው ለዚህ ነው፤ የተማረ ጥንድም የሚለየው እዚያ ነው።

ሜትሮኖሙ ሲጠፋ ልትፈጥኑ እንደምትችሉ እወቁ። አብረው የሚያጨበጭቡ ወይም የሚራመዱ ሰዎች ሳይታወቃቸው እየፈጠኑ መሄዳቸው የተለመደ ነው፤ ሁሉም እንዳይዘገይ ይጠነቀቃል፣ የቀደመውን ግን ማንም አይመልሰውም። መድኃኒቱ መገሣጽ አይደለም። የሥራችሁን አንድ ክፍል ስትጀምሩና ስትጨርሱ ፍጥነቱን በስልክ ሜትሮኖም ለኩና ጻፉት። ከ60 ተነሥታችሁ 68 ላይ ከደረሳችሁ የት እንደሆነ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ሚዛን የሚያስፈራ መዞሪያ፣ ወይም ቆማችሁ መጠበቅ ያለባችሁ ቦታ። ያንን ቦታ ብቻ ነጥላችሁ ሥሩት።

የመቆም ነገር በተለይ ያሳስበኛል። አብሮ መጀመር ላይ ሁሉም ይደክማል፤ አብሮ መቆምን የሚለማመድ ግን ጥቂት ነው። የእንቅስቃሴ ፍጻሜ እንደ መነሻው መሰናዶ አለው፤ መቀዝቀዝ፣ ክብደት ወደ ታች መውረድ፣ የትንፋሽ መውጣት። ተራመዱና ሳትነጋገሩ አብራችሁ ቁሙ፤ የቆማችሁበትን ጊዜ አብራችሁ ያዙ፤ አብራችሁ ተነሡ። በቆማችሁበት ጊዜ ምቱ በውስጣችሁ ይቀጥል። ዝምታው ስንት ምት እንደሆነ ተስማምታችሁ ሥሩ፤ አምስት፣ ሰባት፣ 11። ጎዶሎ ቁጥር የምመርጠው ሰውነት በልማድ በአራትና በስምንት ስለሚነሳ ነው። ያለሙዚቃ በምታቀርቡት ሥራ የተመልካቹን ልብ የሚይዘው እንዲህ ያለው መቆም ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በልምምድም ሙዚቃ አታስገቡ። ሙዚቃ ሁለታችሁንም ያዛምዳል፤ እርስ በርሳችሁ ግን ሳትደማመጡ የተደማመጣችሁ ያስመስላችኋል።

ስለ ክብደቱ። እንዳልጥላት እፈራለሁ ብለሻል፤ ፍርሃቱ ከአክብሮት የመጣ ነውና አልነቅፍሽም። ግን ግማሽ የተሰጠ ክብደት ሙሉ ከተሰጠው የበለጠ አደገኛ መሆኑን እወቂ። ሙሉ ስትሰጪያት የት እንዳለሽ ታውቃለች። ግማሹን ይዘሽ ግማሹን ስትሰጪ ግን ቀጥለሽ ወዴት እንደምትሄጂ አታውቅም፤ ስለማታውቅም ትጠነክራለች፤ ሁለታችሁም ትደርቃላችሁ።

ሚዛን እኩል ክብደት አይጠይቅም። እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ወደኋላ ስታዘነብሉ እኩል መሆን ያለበት መሳሳቡ ነው። ቆሞ ያለ ሰው የስበት ማዕከል ከእምብርቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዳሌው ውስጥ ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴትና 75 ኪሎ የምትመዝን ሴት እጃቸውን በእኩል ከፍታ ተያይዘው ያዘነብላሉ እንበል። የቀላሏ የስበት ማዕከል ከተረከዟ 30 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ቢሄድ፣ የከባዷ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሄድ አለበት፤ 50 በ30 ሲባዛ 1,500፣ 75 በ20 ሲባዛም 1,500 ነው። ስለዚህ ከአጣማጅሽ መክበድሽ የሚጠይቅሽ ትንሽ ቀጥ ብለሽ መቆምን ነው፤ እሷ ደግሞ ከለመደችው በላይ ትተኛ። ብዙ ጊዜ ቀላሏ ሰው «እሷ ትጎትተኛለች» ብላ ወደፊት ትጠጋለች፤ መፍትሔው በተቃራኒው ነው።

የእግራችሁን ጣቶች አቀራርባችሁ ቁሙ፤ አንዳችሁ የሌላችሁን የእጅ አንጓ ያዙ፣ ጣት ለጣት ብቻ አትያያዙ። ትከሻ ይውረድ፣ ክርን ይዘርጋ ግን አይቆለፍ። ከተረከዝ እስከ ራስ ሰውነታችሁ አንድ መስመር ይሁን፤ ወገብ ከታጠፈ የስበት ማዕከሉ ሳታውቁት ቦታውን ይለውጣል። ወደኋላ የምትሄዱት ትንፋሽ እያወጣችሁ ነው። ስምንት ምት ለመሄድ፣ ስምንት ለመቆየት፣ ስምንት ለመመለስ። ስትመለሱ በክርን አትጎትቱ፤ ዳሌያችሁ ወደ መካከል ይምጣ፣ ክንዶቹ ይከተሉት። እዚህ ላይ ስምንት ብዬ ብቆጥርልሽም፣ ክብደት የራሱ ጊዜ እንዳለው አትርሺ። የሚወድቅ ሰውነት ቁጥር አይጠብቅም፤ ሚዛኑ በስድስት ከመጣ ስድስት ነው፤ በኋላ ሥራው ሲጠና ከስምንቱ ጋር ታስማሙታላችሁ።

ከዚያ በፊት ድርቀቱን ለማላላት የምመክርሽ አንድ ነገር አለ። መዳፍሽን በትከሻዋ ላይ አድርጊ፤ ምን ያህል እንደምትጨምሪ የምትወስነው ተቀባይዋ ትሁን። «ጨምሪ» ስትል ትጨምሪያለሽ፣ ዝም ስትል ባለሽበት ትቆያለሽ። ከመዳፍ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ጎንሽ ትሄጃለሽ። ውሳኔው የእሷ ሲሆን የአንቺ ፍርሃት ቦታ ያጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከገመትሽው በላይ ትሸከማለች። በእጅና በጉልበቷ ተንበርክካ ጀርባዋን ስትሰጥሽ ክብደትሽን በዳሌዋ አጥንት ወይም በትከሻዋ አጥንቶች ላይ አሳርፊ፤ የወገቧ ጎድጓዳ ክፍልና አንገቷ ላይ ፈጽሞ አይሁን። ሰው ከመሬት ማንሳትን ግን መምህራችሁ አጠገባችሁ ሳይቆሙ አትሞክሩ።

ለአምስት ደቂቃው ሥራ፦ በ60 ምት 300 ምት ማለት ነው፤ ሁሉንም በአዲስ እንቅስቃሴ ለመሙላት አትሞክሩ። አራት ወይም አምስት ሐረግ ይበቃል። ሜሪ ኦቨርሊ ከዳንስ ተነሥታ የጀመረችውን፣ አን ቦጋርትና ቲና ላንዳው ለቲያትር ያሰፉትን ቪውፖይንትስ የተባለ ሥልጠና ተመልከቱ፤ ፍጥነትንና ቆይታን እንደ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያያቸዋል። አንድ ድርጊት በፍጥነት ተሠርቶ ለረጅም ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ በዝግታ ተሠርቶም ወዲያው ሊቋረጥ። ያንኑ ሐረግ በፍጥነቱ፣ በቆይታው፣ በመካከላችሁ ባለው ርቀት እየለወጣችሁ መልሱት። እኩል መንቀሳቀሱንም ቆጥቡት። አምስት ደቂቃ ሙሉ እኩል የሚሄድ ጥንድ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አዲስ ነገር አይነግረንም፤ አንዳችሁ ሁለት ምት ዘግይታ ያንኑ ስትሠራ፣ አንዳችሁ ቆማ ሌላዋ ስትሄድ፣ ከዚያ በድንገት ስትገናኙ ግን መገናኘቱ ክብደት ያገኛል።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ራሳችሁን በስልክ ቅረጹ፤ ከዚያ በፊት አይሁን፤ ገና ያልጸና ጥንድ ራሱን ሲያይ ቅርጹን ማሳመር ይጀምራል። ስታዩ ድምፁን ዘግታችሁ የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ መነሻ ብቻ ፈልጉ። እጆቻችሁ እኩል ደርሰው ይሆናል፤ ደረታችሁ ግን እኩል ተነሥቶ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ምስሉን ትታችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ፤ እግራችሁ የት ሁለት እንደሚሆን ያን ጊዜ ትለያላችሁ።

መድረክ ላይ ምቱ ቢጠፋባችሁ፣ ለመድረስ አትሩጪ። የጀመርሽውን እንቅስቃሴ እስከ ቶችካው አድርሺና ቁሚ። እሷም ትቆም፤ ይህን ቀድማችሁ ተስማሙበት፣ በልምምድም ሆን ብላችሁ ምቱን እያጠፋችሁ ሞክሩት። ሁለታችሁም በቆማችሁበት ክብደታችሁ ሁለቱም እግሮች ላይ ይረፍ፤ ከዚያ ማንኛችሁም ብትሆኑ አንድ የሚሰማ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳቡና ከሚቀጥለው ሐረግ መጀመሪያ ተነሡ።